ወፍን ገዝቶ በቤት ማኖር ይገባልን?

ሰው አንድን ፍጥረት የወደደ እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ወዲያው የሚከተለው አሳብ «ይህ የእኔ ቢሆን» የሚል ነው። አበባ የወደደ ይቀጥፋል፤ ወፍ የወደደ ያጠምዳል፤ ማጥመድ የማይችልም ከአጥማጁ ይገዛል። ገዢውን ስለ ምን ወፏን በቀፎ እንዳኖራት የጠየቁት እንደ ሆነ፥ ያለ ሐሰት «ስለምወዳት ነው» ብሎ ይመልሳል። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ መልስ ነው፤ በጥላቻ የሚደረግ በደል ራሱን ይገልጣልና ለመፍረድ ቀላል ነው፤ በፍቅር ስም የሚደረገው ግን በደል መሆኑና አለመሆኑ በብዙ ምርመራ እንጂ በአንድ ቃል አይታወቅም።

በዛሬው ዘመን በየከተማው ቤት በሽቦ ቀፎ ከሚኖሩት ወፎች ብዙዎቹ በፈረንጅ ቋንቋ ፊንች ከሚባሉት ወገን ናቸው። ፊንች ማለት ምንቃሩ አጭርና ጠንካራ፥ ምግቡም ጥሬ የሆነ የትንንሽ ወፎች የወል ስም ነው። ከእነርሱም ሁለቱ ከሌሎቹ ይልቅ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ካናሪ ነው፤ እርሱም ከአፍሪካ በስተ ምዕራብ በውቅያኖስ ካሉት ከካናሪ ደሴቶች፥ እስፓኞች ደሴቶቹን በያዙበት በ15ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ የተወሰደ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ብዙ ሰው ደሴቶቹ በወፉ ስም የተጠሩ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ደሴቶቹ በላቲን ቋንቋ ውሻ ከሚለው ቃል ስማቸውን አገኙ ይባላል፥ ወፉም በአገሩ ስም ተጠራ። በዱር ያለው ካናሪ መልኩ አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበት ነው፤ ያ የታወቀው ብጫነት በሰው ቤት እየተመረጠ በመዋለዱ የመጣ ነው። ሁለተኛው ዜብራ ፊንች የሚባለው የአውስትራልያ ወፍ ነው፤ ክብደቱ 12 ግራም ያህል ብቻ፥ ምንቃሩ እንደ በርበሬ የቀላ፥ ጅራቱም እንደ ሜዳ አህያ በጥቁርና በነጭ የተዥጐረጐረ ነው። በኢትዮጵያ በየግቢው እህል ሲለቅም የሚታየው፥ ሆዱ ሰማያዊ፥ የወንዱም ጉንጭ ቀይ የሆነው ትንሽ ወፍ የዚህ የአውስትራልያው ወፍ ዘመድ ነው።

ወፍ በቀፎ የሚያኖር ሰው አስቀድሞ የሚያቀርበው ማስረጃ «ትዘምራለችና ደስ ብሎአታል» የሚል ነው። ይህ ቃል ሰው ከራሱ ልማድ ተነሥቶ የፈረደው ፍርድ ነው፤ ሰው ደስ ሲለው ይዘፍናልና ወፍም እንደዚሁ ትመስለዋለች። የወፍ ዝማሬ ግን ሌላ ሥራ አለው። በካናሪም በዜብራ ፊንችም ዘንድ የሚዘምረው ወንዱ ነው፤ የሚዘምረውም ሴቲቱን ለመጥራት ነው፤ ካናሪና የአውሮፓ ዱር ፊንች ደግሞ ሌላው ወንድ ወደ ስፍራቸው እንዳይገባ በዝማሬ ያስጠነቅቃሉ። ካናሪ የሚያረቡ ሰዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ ወንዱ ብዙ እንዲዘምርላቸው የፈለጉ እንደ ሆነ ከሴቲቱ ለይተው ብቻውን ያኖሩታል። እንግዲህ በመስኮቱ ዳር ተቀምጦ ቡናውን የሚጠጣው ባለቤት የምስጋና መዝሙር ነው ብሎ የሚሰማው፥ ከጥሪ በቀር ሌላ ላይሆን ይችላል፤ ጠሪውም እስከ ማታ ድረስ መልስ ያላገኘ ነው።

ይህ ነገር እስከ ምን ድረስ ሊደርስ እንደሚችል የቤልጅግ አገር ፍላንደርስ ያሳያል። በዚያ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የፊንች ውድድር አለ። ባለ ወፎቹ እያንዳንዱን ወንድ ፊንች በትንሽ የእንጨት ሣጥን አድርገው በመንገድ ዳር በረድፍ ያስቀምጡና፥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ዘመረ በረጅም በትር ላይ በጠመኔ እያሠመሩ ይቈጥራሉ። ዝማሬው ሁሉ አይቈጠርም፤ መጨረሻው በፍላንደርስ ወፎች አነጋገር መዘጋት አለበት፤ ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት ከቤልጅግ ደቡብ የመጣ ወፍ አዘጋጉ ሌላ ነውና ድካሙ ከንቱ ይቀራል። «ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» የሚለው የአማርኛ ተረት በዚያ እንደ ሕግ ይሠራል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ የሚያስቅ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን በዱሮ ዘመን፥ ወፉ ወዲያና ወዲህ እያየ አሳቡ እንዳይበተን፥ የዓይኑን ቈብ በጋለ ሽቦ ይዘጉት ነበር። ዓይኑ የጠፋ ወፍ ቀንና ሌሊትን አይለይምና አብዝቶ ይዘምር ነበር። ይህ ሥራ የቆመው በ1920 ነው፤ ስለ ወፎቹ ከጮኹት መካከልም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸው የጠፋ ወታደሮች ነበሩ።

በዚህ ታሪክ ሊታሰብበት የሚገባው ነገር ጭካኔው ብቻ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ወፍ የሚጠሉ ሰዎች አልነበሩም። የፊንችን ዝማሬ ከእነርሱ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ ዋዜማውን ይጾሙለት እስኪመስል ድረስ ይጠነቀቁለት፥ ምግቡን ይመርጡለት፥ በብርድ ጊዜ በቤታቸው ያሞቁት ነበር። የወደዱት ግን ድምፁን ነው፤ ወፉ የድምፁ ማኅደር ብቻ ሆነባቸው፥ ስለዚህም ድምፁን የሚያበዛ ነገር ሁሉ የተፈቀደ መሰላቸው። ከአንድ ፍጥረት አንዱን ነገር ብቻ የወደደ ሰው፥ የቀረውን ሲቈርጥ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከፊተኛው የበረታ ነው። በዱር ያለች ወፍ በጭልፊት ትነጠቃለች፥ በእባብ ትዋጣለች፥ ዝናም በቀረ ጊዜ በረኃብና በጥም ታልቃለች፤ በቀፎ ያለች ግን እህልዋ ተሰፍሮ፥ ውኃዋ ተቀድቶ ይሰጣታል፤ በደኅና የተያዘ ካናሪም 10 ዓመት ያህል ይኖራል። ይህን የሚንቅ ሰው የዱርን ኑሮ በመጽሐፍ እንጂ በዓይኑ ያላየ ነው። ይሁን እንጂ ከዱር የተያዘች ወፍ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ራስዋን ከሽቦው ጋር ስታላትምና እህል አልቀበልም ስትል ያየ፥ ለክርክሩ ወፏ ራስዋ የሰጠችውን መልስ አይቶአል። ደኅንነት በጎ ነገር መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ደኅንነትን የሚሰጠው ሰው ለሚቀበለው ብሎ ሰጠው ወይስ ለገዛ ደስታው ለወሰደው ነገር በኋላ ያገኘለት ምክንያት ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጭልፊትን ፈርቶ ወደ ሱቅ ሄዶ ወፍ የገዛ ሰው የለም።

ስለ ፊንች ሲነገር የአውሮፓ ሠዓሊዎች ሥራ አይዘለልም። ፊቱ ቀይ የሆነው የአውሮፓ ፊንች፥ ከጌታ ራስ ላይ እሾኹን ሲነቅል ደም ነክቶት ቀላ የሚል አፈ ታሪክ አለው። ስለዚህም ሠዓሊዎች ይህን ወፍ በሕፃኑ ኢየሱስ አጠገብ ይሥሉት ነበር፤ በ1500ዎቹ መጀመሪያ ራፋኤል የሣለውና ዛሬ በፊሬንሴ የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ከእነዚህ አንዱ ነው። ይኸው ወፍ በሆላንድ አገር ሌላ ዕድል ገጠመው። በሰንሰለት አስረው በጣት ጫፍ በምታህል ባልዲ የገዛ ውኃውን ከታች ስቦ እንዲጠጣ ያስተምሩት ነበርና፥ ስሙን እንኳ «ትንሹ ውኃ ቀጂ» አሉት። ካሬል ፋብሪቲዩስ የሚባለው ሠዓሊ በ1654 ይህን ወፍ በምግብ ሣጥኑ ላይ ቆሞ፥ በእግሩ ቀጭን ሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሣለው፤ ሠዓሊውም በዚያው ዓመት በዴልፍት ከተማ የባሩድ ቤት ሲፈነዳ ሞተ። ሥዕሉን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ላባውን ነው፤ ሰንሰለቱን የሚያየው ቆይቶ ነው። በቤትም ያለው እንደዚሁ ነው።

የኦሪት ሕግ ስለ ወፍ ዝም አላለም። በዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ በመንገድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን መውሰድ ይችላል፤ እናቲቱን ግን መልቀቅ አለበት። ሕጉ «አትንካ» አላለም፤ እጅ የሚቆምበትን ስፍራ ግን አሳየ። ሰው በፍጥረት መጠቀሙ ተፈቀደለት፤ እስከ ሥር ድረስ መንቀል ተከለከለ። በወንጌልም ስለ ድንቢጥ ዋጋ ተነግሮአል፤ በማቴዎስ ዘንድ ሁለቱ በአንዲት ትንሽ ገንዘብ ይሸጣሉ፥ በሉቃስ ዘንድ ግን በሁለት ገንዘብ አራት መሆን ሲገባቸው አምስት ናቸው። ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን ወዲያው ያስተውላል፤ አምስተኛዪቱ ምርቃት ናት፥ ዋጋ የላትም። ቃሉም የሚናገረው ይህች የምርቃት ወፍ እንኳ እንዳልተረሳች ነው።

የወፍ ንግድ በእውነት የቆመው በዚህች በምርቃት ወፍ ላይ ነው። ዋጋው ትንሽ የሆነ ነገር ቢሞትም የሚያለቅስለት የለምና፥ ከዱር የተያዙ ወፎችን በሣጥን አጭቆ የሚልክ ነጋዴ በመንገድ የሚሞቱትን አስቀድሞ በሒሳቡ ያገባቸዋል። ገዢው በሱቅ የሚያያት አንዲቱን በሕይወት የደረሰችውን ነው፤ ያልደረሱትን አያይም፥ ዋጋቸውን ግን ከፍሎአል። ከዚህም በላይ መግዛት ማለት ያለውን መውሰድ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውን ማዘዝ ነው። ከሱቁ አንዲት ወፍ በወጣች ጊዜ ባዶው ስፍራ ወደ አጥማጁ ይልካል። ብዙ መንግሥታትም ይህን ተረድተዋል፤ አውስትራልያ የአገርዋ ወፎች ለንግድ እንዳይወጡ በ1960 ከለከለች፤ አሜሪካ በ1992 ከዱር የሚያዙ ብዙ ዓይነት ወፎች እንዳይገቡ ሕግ አወጣች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2005 በወፍ በሽታ ምክንያት ለጊዜው የከለከለውን በ2007 ቋሚ አደረገው። ከዚያ በፊት ከምዕራብ አፍሪካ፥ ይልቁንም ከሴኔጋል፥ ትንንሽ ፊንቾች በብዛት ወደ አውሮፓ ይጫኑ ነበር።

«እንግዲያውስ ገዝቶ መልቀቅ ይሻላል» የሚል ይኖራል። ይህ አሳብ የከበሩ አባቶች አሉት። ቫሳሪ በ1550 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ወፍ በሚሸጥበት ስፍራ ሲያልፍ የተጠየቀውን ዋጋ ከፍሎ ከቀፎው እያወጣ ይለቃቸው እንደ ነበረ ይናገራል። በሩስያም በብሥራት በዓል ሕዝቡ ወፍ ገዝቶ የመልቀቅ ልማድ ነበረው፤ ባለቅኔው ፑሽኪን በ1823 ስለዚህ ልማድ አጭር ግጥም ጽፎአል። በኦሪትም ከለምጽ በሚነጻው ሰው ሥርዓት ከሁለቱ ወፎች አንዲቱ ትታረዳለች፥ ሁለተኛዪቱ ወደ ሜዳ ትለቀቃለች። በሰማይ ላይ ስትበርር የምትታይ ወፍ ነጻነትን በዓይን የሚታይ ያደርገዋልና፥ ልማዱ የሰውን ልብ ቢማርክ አያስደንቅም።

ነገር ግን የሊዮናርዶን ገንዘብ የተቀበለው ሰው በማግሥቱ ምን አደረገ? ወጥመዱን ይዞ ወደ ዱር ተመለሰ እንጂ ሥራውን አልተወም፤ እንዲያውም ደግ ደንበኛ አገኘ። ለበዓል የሚለቀቅ ወፍ ያስፈለገ እንደ ሆነ ለበዓሉ የሚያዝ ወፍ ያስፈልጋል፤ ዛሬም በእስያ በምጽዋት ስም ለመለቀቅ ብቻ የሚጠመዱ ወፎች አሉ፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሳይለቀቁ ይሞታሉ። ሊዮናርዶ ለዚያች ወፍ በጎ ማድረጉ እውነት ነው፤ የሚቀጥለውን ወጥመድ መክፈሉም እውነት ነው። ሁለቱ በአንድ እጅ፥ በአንድ ሳንቲም ተደረጉ። ምጽዋት ሰጪ ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋዋል፤ ሊከፋውም ይገባል።

የዜብራ ፊንች ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ከ1960 ወዲህ ከአውስትራልያ ስላልወጣ፥ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ በሱቅ የሚገኘው ወፍ አባቱም አያቱም ቅድመ አያቱም በቀፎ የተወለዱ ናቸው። እርሱን መግዛት ከዱር አንድም ወፍ አያጐድልም። መልቀቁም ምሕረት አይደለም፤ ጭልፊትን የማያውቅ፥ ብርድን የማይችል፥ በባዕድ አገር ምግቡን ፈልጎ የማያገኝ ነውና በመስኮት የለቀቀው ሰው ገደለው። ስለዚህ «ሁሉን ፍቱ» የሚለው ፍርድ እዚህ ላይ አይሠራም። በቀድሞ ሰዎች የተሠራ ሥራ አለ፤ ነጻነቱን ከአያቶቹ ወሰዱበት፥ ለእርሱ የሚመልስለት የለም። የቀረው ዕዳ ነው፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ወፉን በእጁ ያገኘው ሰው ነው።

ዕዳው ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ የእህሉን ሳሕን መመልከት ይበቃል። ፊንች ጥሬውን በምንቃሩ ይፈለፍልና ፍሬውን ውጦ ገለባውን በዚያው በሳሕኑ ላይ ይጥለዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሳሕኑ እስከ አፉ የሞላ ይመስላል፤ የሞላው ግን ገለባ ነው። ባለቤቱ በሩቅ አይቶ «ገና ብዙ አለ» ብሎ ያልፋል፤ ወፉም በሞላ ሳሕን ላይ ቆሞ በረኃብ ይሞታል። ሰውነቱ ትንሽ ነውና ብዙ ቀን አይታገሥም። ይህ በልብ ክፋት የሚሆን አይደለም፤ ቀርቦ እፍ ብሎ ባለማየት የሚሆን ነው። ጨካኝ የሆነ ወፍ አሳዳሪ ጥቂት ነው፤ ከሩቅ የሚያይ ግን ብዙ ነው።

ብቻውን ማኖርም እንደዚሁ ነው። ዜብራ ፊንች በአገሩ በመንጋ የሚኖር፥ ከአንዲት ሴት ጋር ተጣምሮ ዕድሜውን የሚፈጽም ወፍ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ መግዛት ርካሽ ቢመስልም ግፍ ነው። ዝማሬውን የሚማረው ከአባቱ ነው፤ በተወለደ በ3 ወር ያህል ውስጥ ካልሰማ ዕድሜውን ሁሉ የተበላሸ ዜማ ይዞ ይቀራል። በ2000 የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ምርምር ደግሞ፥ ይህ ወፍ ተኝቶ ሳለ በአንጎሉ ውስጥ ቀን የዘመረው ዜማ እንደገና እንደሚመላለስ አሳይቶአል። እንግዲህ 12 ግራም በሆነ ሥጋ ውስጥ አባት፥ ትምህርትና የሌሊት ትዝታ የሚመስል ነገር አለ። ይህን ያወቀ ሰው ቀፎውን የቤት ጌጥ ነው ብሎ ከመጋረጃው ጋር አይቈጥረውም። ቀፎውም ሲመረጥ እንደ ግንብ ወደ ላይ የረዘመ ሳይሆን ወደ ጎን የሰፋ መሆን አለበት፤ ፊንች የሚበርረው ከዳር እስከ ዳር ነውና፥ ረጅሙ ቀፎ ለሰው ዓይን እንጂ ለወፉ ክንፍ አልተሠራም። ጢስም ይጎዳዋል፤ ምግብ እንዳይይዝ ተቀብቶ የተሠራ መጥበሻ ከልክ በላይ የጋለ እንደ ሆነ ለሰው የማይታወቅ ትነቱ ወፍን በጥቂት ደቂቃ ይገድላል። ዕጣን በሚጤስበትና ቡና በሚቈላበት ክፍል ቀፎ መስቀልም ተገቢ አይደለም፤ በአበሻ ቤት ይህን መጠበቅ ቀላል እንዳልሆነ የታወቀ ነው።

በዚሁ አንጻር የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች ካናሪ ሊታሰብ ይገባዋል። ሽታና መልክ የሌለው መርዘኛ አየር በጕድጓድ ውስጥ ያለ እንደ ሆነ፥ ትንፋሹ ፈጣን ስለ ሆነ ወፉ ከሰው ቀድሞ ይወድቃል፤ በእንግሊዝ አገርም ሐኪሙ ጆን ስኮት ሃልዴን ባቀረበው ምክር ቈፋሪዎች ካናሪ ይዘው መውረድ ጀመሩ፤ በመሣሪያ የተተካውም በ1986 ነው። ወፍ ለሰው ሕይወት ተላልፎ ተሰጠ ማለት ነው፤ ማንም አእምሮ ያለው ሰው በዚህ ቈፋሪውን አይነቅፍም። ነገር ግን ከቀፎዎቹ አንዳንዶቹ በላያቸው የኦክሲጅን ዕቃ ነበራቸው፤ ወፉ የወደቀ እንደ ሆነ በሩን ዘግተው ኦክሲጅን ይለቁለትና ነፍሱን ይመልሱለት ነበር። በሞት አፋፍ የቆመ ሠራተኛ ለወፉ ይህን ያህል ካሰበ፥ ለደስታው ብቻ ያኖራት የከተማ ሰው ምክንያቱ ምንድር ነው?

በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ ትንሽ ወፍ የእህል ሌባ ናት። ልጆች በማማ ላይ ተቀምጠው በወንጭፍ ማሽላውን ይጠብቃሉ፤ ግሪሳ የመጣ እንደ ሆነም የዓመት ድካም በጥቂት ቀን ይጠፋል። ይህ ገበሬ ወፍን አይወድም፥ ነገር ግን በቀፎም አያኖራትም፤ ሲያባርራት ትሄዳለች፥ ሲተዋት ትመጣለች። የከተማው ሰው ግን እህል አይዘራምና ወፍ ጠላቱ አይደለችም። ግቢ ያለው ሰው ጥቂት ጥሬና በጠፍጣፋ ዕቃ ንጹሕ ውኃ ቢያኖር፥ ያች ሰማያዊ ሆድ ያላት ወፍ ከነባልዋ በየማለዳው ትመጣለታለች፤ ዝማሬ ለሚወድ ይህ ሊበቃው ይችል ነበር። የማይበቃው በፎቅ ላይ የሚኖረው፥ አልጋ የያዘው በሽተኛ፥ ከቤት የማይወጣው ሽማግሌ ነው። እነዚህ በቀፎ የተወለዱ ሁለት ፊንቾች ቢያኖሩ፥ ገለባውን በየዕለቱ እፍ የሚል ጤነኛ ሰው በቤቱ እስካለ ድረስ የሚነቅፋቸው የለም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ግን ሻጩ አይነግራቸውም። ዜብራ ፊንች ጎጆ የሚሠራበት ሣርና በቂ ምግብ ያገኘ እንደ ሆነ በዓመት ደጋግሞ ይፈለፍላል፤ ሴቲቱ በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 6 እንቁላል ትጥላለች፥ ጫጩቶቹም ከ2 ሳምንት ያህል በኋላ ይወጣሉ፤ በ3 ወርም እነርሱ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ሁለት ብለው የጀመሩ ሰዎች ዓመት ሳይሞላ ቀፎው ይጠባቸዋል። አስተዋዮቹ እንቁላሉ ሳይሞቅ አንሥተው በምትኩ ከሸክላ የተሠራ ሐሰተኛ እንቁላል ያኖራሉ፥ ወይም የጎጆውን ሣር ፈጽመው ያወጡታል፤ ሌሎቹ ግን ጫጩቶቹን ለጎረቤት ያድላሉ። የሚያድልም ሰው፥ ተቀባዩ ለበዓል ወደ ዘመዶቹ አገር በሚሄድበት ሳምንት ውኃውን የሚለውጠው ማን እንደ ሆነ ጫጩቱን ከመስጠቱ አስቀድሞ ይጠይቃል።